የባሕር ትንንሽ እመቤቶች

አዜብ ስቶክሆልም ውስጥ የቴንስታ ምድር ባቡር ጣቢያን ረጅም ተንቀሳቃሽ ደረጃ ቁልቁል በሩጫ ስትወርድ ጀማሉዲን ከኋላዋ ነበር። ሰውዬው ሃምሳ ስድስት ዓመት ሞልቶታል፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሱቁንም ሳይቆልፍ ነው የወጣው። እንዲያም ሆኖ የካፖርቱን ጫፍ ሰብስቦ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ደረሰባት።

«አንቺ ልጅ፣ ቃል ግቢልኝ» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ለማንም አትናገሪም። ለፈረንጅ ቀርቶ ለንስሐ አባትሽም አትናገሪ።»

«ሁለት ቀን አለፈ እኮ ጋሽ ጀማል።»

«ባሕር ነዋ። እንደ ምድር ባቡር በደቂቃ አይመጣም። ዛሬ ካልሆነ ነገ ይደርሳሉ፣ ኢንሻአላህ። ከተናገርሽ ግን ፖሊስ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸውና በመጡበት ይመልሳቸዋል። ያኔ እኔ ለታሪቅ እናት ደሴ ስልክ ደውዬ ምን እላታለሁ?»

ባቡሩ መጣ። አዜብ ገባች። ጀማሉዲን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በመስኮት እያየ ቀረ። ቃል አልገባችለትም፤ እምቢም አላለችውም። እንዲህ ያለው ዝምታ ለሰሚው ሁሉ የፈለገውን የሚሰጥ ዝምታ ነውና፣ ሰውዬው ተስማማች ብሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ነገሩን ከሥሩ መንገር ይሻላል። ዕለቱ ኅዳር 16 ቀን 1986 ዓ.ም. ነው፤ እዚህ አገር ኖቬምበር 25፣ 1993 የሚባለው ሐሙስ። ማክሰኞ ሌሊት ከላትቪያ ጠረፍ አንዲት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ አሥራ ስድስት ሰው ጭና ወደ ስዊድን ተነስታለች። በእነዚያ ዓመታት ሶቪየት ኅብረት የሚባለው ታላቅ ቤት ፈርሶ፣ ከፍርስራሹ ሥር ያልተወለዱበት አገር ላይ ወድቀው የቀሩ ሰዎች በየወደቡ ሞልተው ነበር። ከጀልባዋ ተሳፋሪዎች አንዱ የጀማሉዲን የእህት ልጅ ታሪቅ ነው። ሌላው በረከት ብርሃነ ሥላሴ፣ የአዜብ ታናሽ ወንድም፣ እቤት ቤኪ የሚባለው።

ቤኪ እጩ መኮንን ነበር። በ1980 ዓ.ም. ከምጽዋ ባሕር ኃይል ተመርጦ፣ ባለ ወርቅ ቁልፍ ኮቱን ለብሶ፣ ለትምህርት ሌኒንግራድ ተላከ። ከዚያ የላከው መንግሥትም የተቀበለው መንግሥትም በአንድ ዓመት ውስጥ ወደቁ። ማዕረጉን የሚያጸድቅለት አለቃ፣ ሰላምታ የሚሰጠው ባንዲራ፣ የሚሳፈርበት መርከብ ሁሉም ጠፋ። ላትቪያ፣ ሪጋ ወርዶ ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም ሁለት ክረምት አሳለፈ። እህቱን ካያት አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ስትለየው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር።

አዜብ ግን ከነፋሱም ከፖሊሱም ይልቅ የምትፈራው ሌላ ነገር ነበር። እሱን ለጀማሉዲን እንኳ ነግራው አታውቅም።

በሱዳን አድርጋ ስቶክሆልም የደረሰች ጊዜ፣ ለጥገኝነት ጥያቄ ወረፋ ስትጠብቅ፣ ተዋበች የምትባል ነገር አዋቂ ሴት አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ወረፋ ላይ ሁሌም አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። «ከደርግ ሸሽቼ መጣሁ እያልሽ ወንድሜ የደርግ ባሕር ኃይል ነው ካልሽ አለቀልሽ» አለቻት። «ታዲያ ምን ልበል?» ብትላት፣ «ሞቷል በያ። ሙት ምን ይጠየቃል?» አዜብ ገባችና አለች። እንዴት ሞተ ሲሏት ያልተዘጋጀችበት ሆነና፣ አፏ ላይ የመጣላትን፣ «ባሕር ውስጥ ሰጥሞ» አለች። ጠያቂው መጻፉን አቁሞ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳላት። ጠጣችው። ወረቀቱ ላይ ማኅተም ተመታበት።

እናቷ በሕይወት ሳለች ልጆቿ በቀልድ እንኳ «ብሞትስ» ሲሉ አፋቸውን በመዳፏ የምትመታ ሴት ነበረች፤ ሟርት በአፍ ነው የሚገባው ትል ነበር። አዜብ ደግሞ በገዛ አፏ፣ በሰው አገር ቋንቋ፣ በአስተርጓሚ ፊት፣ የእናቷን ልጅ ባሕር አስገብታዋለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ፋይሉ ውስጥ ሰጥሞ ተኝቷል። አሁን እውነትም ባሕር ላይ ነው። የዜግነት ማመልከቻዋም በጸደይ ኖርሾፒንግ ወዳለው የስደተኞች መሥሪያ ቤት ተልኮ የዚያው ፋይል ጎን ተቀምጧል። አፏን ብትከፍት ቤኪን ወደ ሪጋ፣ ራሷን ወደማታውቀው መዘዝ ልትሰድ ነው። ብትዘጋው ደግሞ ያው ያለችው ሊሆን ነው።

ስሉሰን ጣቢያ ወርዳ ዳገቱን ወጣች። ነፋሱ ከምሥራቅ ነበር፤ ጥላ የያዙ ሰዎች ጥላቸውን አጥፈው እያጎነበሱ ያልፉ ነበር።

ወይዘሮ ሩት ሊንድማርክ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ቤታቸው ከገደሉ ጫፍ፣ የፊንላንድ መርከቦች ከሚቆሙበት ወደብ በላይ ነው። አዜብ ሄምቸንስት ለሚሉት የቤት ለቤት አገልግሎት ትሠራለች፤ ሥራዋ የአረጋውያንን ቤት ማጽዳትና ምሳቸውን ማሞቅ ነው። ስዊድኖች ከንጉሣቸው በቀር ሁሉን ሰው «ዱ»፣ ማለትም አንተና አንቺ፣ ማለት ከጀመሩ ሃያ አምስት ዓመት አልፏል፤ አዜብ ግን የእናቷን ታላቅ የምታህል ሴት አንቺ ማለት አይሆንላትም። ስለዚህ «ቡና ይፈለጋል?»፣ «መስኮቱ ይከፈት?» እያለች ባለቤት የሌለው ስዊድንኛ ትናገራለች። በልቧ ሁሌም «እርስዎ» ናቸው። አሮጊቷም ይህንን ከገባቸው ቆይቷል፤ ደስ ይላቸዋል መሰለኝ፣ አንድም ቀን አላረሟት።

ሩት አርባ ዓመት በአንድ የጥንት ዕቃዎች ሙዚየም ውስጥ ካርድ ሲጽፉ የኖሩ ናቸው። ዕቃው የት ተገኘ፣ ከምን ተሠራ፣ የማን ምስል ነው። ጡረታ ሲወጡ ሙዚየሙ ካርዶቹን አስቀረ፤ እሳቸው ለራሳቸው አዲስ ሳጥን ጀመሩ። በዚህኛው ሳጥን ውስጥ የገቡት ቤተ መቅደስ ያልተሠራላቸው፣ አንድ መስመር ተጽፎላቸው የቀሩ የግሪክ የባሕር እንስት አማልክት ብቻ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ አዜብ ታነብላቸዋለች። ይህ በሄምቸንስት የሥራ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም ለማንም አልተናገሩም። አዜብ መጀመሪያ ሰሞን ጣዖት ስም እየጠራሁ ነው ብላ ከማንበቧ በፊት ታማትብ ነበር። በኋላ ለመደችው። ስድስት ኪሎ ሁለት ዓመት ታሪክ ያጠናች ልጅ ናትና፣ የተረሳ ሰው ታሪክ ሲገኝ ልቧ ይሳባል።

ዛሬ ግን እያነበበች አልነበረም፤ እያየች ነበር።

«ብሪዞ ላይ ነው የቆምሽው» አሉ ሩት ከወንበራቸው። «ካርዱን ሳታነቢ ስንት ጊዜ ታገላብጪዋለሽ?»

አዜብ ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበች። ብሪዞ፤ በዴሎስ ደሴት የሚኖሩ ሴቶች የሚለምኗት። ወንዶቻቸው ባሕር ላይ ሲሆኑ በጀልባ ቅርጽ የተሠራ ሳህን የምግብ ዓይነት ሁሉ ሞልተው ያቀርቡላታል። ዓሣ ግን አይጨምሩም። እሷም በሕልም ትመልስላቸዋለች።

«ዓሣ ለምን ይቀራል?»

«አልተጻፈም። እኔ ግን የሚመስለኝ አለ» አሉ አሮጊቷ። «ባሏ ባሕር ላይ የቀረ ሴት ዓሣ እንዴት ትበላለች? ዓሣው ምን በልቶ እንደወፈረ ማን ያውቃል።»

አዜብ ካርዱን አስቀመጠች። ትናንት የነቢያት ጾም ገብቷል፤ ዓሣ ይበላል አይበላም እያሉ የማኅበሯ ሴቶች ሲከራከሩ ነበር ያመሹት።

ቀጥሎ ሌውኮቴያ መጣች፤ ሰው የነበረች፣ ልጇን ታቅፋ ከገደል ወደ ባሕር የዘለለች፣ ከዚያም አምላክ ሆና ለሚሰጥሙ መርከበኞች ሻሿን የምታውስ። ቀጥሎ ጋሌኔ፤ ሥራዋ ባሕሩን ማስተኛት ብቻ። ሩት ስለነዚህ ሴቶች ሲናገሩ ስለ ጎረቤት የሚያወሩ ይመስላሉ። «ትልልቆቹ ባሕሩን ያናውጣሉ፣ ይኮራሉ፣ መሥዋዕት ይበላሉ» ይሉ ነበር። «እነዚህ ግን ለአንድ የተቸገረ ሰው አንድ ነገር ነግረውት ይሄዳሉ።»

አዜብ ካርዶቹን መልሳ መጥረግ እንደጀመረች ራዲዮው የባሕሩን አየር ሁኔታ ማንበብ ጀመረ። ይህ ንባብ ለስዊድኖች እንደ ጸሎት ነው፤ ጀልባ የሌለውም ሰው ዝም ብሎ ያዳምጠዋል። አንባቢዋ የባሕሩን ክፍሎች በተራ እየጠራች ለእያንዳንዱ የነፋሱን ኃይል ትናገራለች። ሰሜናዊ ባልቲክ ስትል አዜብ መጥረጊያውን እንደያዘች ቆመች። ምሥራቅ፣ በሰከንድ ሃያ አንድ ሜትር፣ ኩሊንግ፣ እየበረታ የሚሄድ። ኩሊንግ የሚሉት ትንሽ ጀልባ ከወደብ የማይወጣበትን ነፋስ ነው።

«ማን ነው ባሕር ላይ ያለው?» አሉ ሩት።

«ማንም የለም።»

«ሦስት ዓመት ቤቴን ስትጠርጊ ይህ ራዲዮ ሲናገር አንድም ቀን መጥረጊያሽ ቆሞ አያውቅም።»

አዜብ ተቀመጠች። ከዚያ ተናገረች፤ ጀልባዋን፣ ማክሰኞን፣ ጀማሉዲንን፣ ኖርሾፒንግን። የመጨረሻውን ለመናገር ጊዜ ፈጀባት። «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። «ሰጥሟል ብዬ ተናግሬያለሁ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር በአፍ አይጠራም። ከተጠራ ይመጣል።»

ሩት አልሳቁም። አጥንት ብቻ የሆነውን እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አኖሩ። «ነፋሱን አንቺ አላመጣሽውም» አሉ። «ራዲዮው ከሰኞ ጀምሮ ሲለው ነበር። ኤይዶቴያን አንብቢልኝ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ካርዱ አጭር ነበር። ኤይዶቴያ፤ የባሕሩ ሽማግሌ የፕሮቴዎስ ልጅ። አንድ መርከበኛ ከነሰዎቹ በረሃ ደሴት ላይ ነፋስ አጥቶ ሲራብ አየችው። መውጫውን የሚያውቀው አባቷ ብቻ ነው፤ አባቷ ደግሞ አይናገርም። አባቷ የሚተኛበትን ቦታ፣ የሚያዝበትንም ዘዴ ለእንግዳው ነገረችው።

«አባቷን ከዳችው ማለት ነው» አለች አዜብ።

«ከዳችው። አርባ ዓመት ፈልጌያለሁ፣ ስለዚህ ነገር የወቀሳት አንድም ጸሐፊ አላገኘሁም።» አሮጊቷ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እኔ አልመክርሽም። መዘዙን የምቀበለው እኔ አይደለሁም፣ ወንድምም የለኝም። ስልኩ ግን እዚያ ነው።»

ግራጫ፣ ክብ መደወያ ያለው ስልክ ነበር። አዜብ መጀመሪያ የደወለችው ለጀማሉዲን ነው።

«ከየት ነው የተነሱት? ጀልባዋ ምን ትመስላለች?»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልናገር ነው፣ ጋሽ ጀማል።»

«ቃል ገብተሽልኛል።»

«አልገባሁም። ይቆጡኝ፣ ይርገሙኝም፤ እችለዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ታሪቅ መዋኘት ይችላል?»

ከወዲያ በኩል የሱቁ በር ሲከፈት፣ ደንበኛ ሲያናግረው ተሰማት።

«የት ተምሮ?» አለ በመጨረሻ። ድምፁ የሱ አልመስል አላት። «ሐይቅ አፍንጫው ሥር ሆኖ እግሩን እንኳ ነክሮ አያውቅም። ውሃ ይፈራል ልጁ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይፈራል።» ከዚያ እንደ ተማሪ አንድ በአንድ ተናገረ። ከሊፓያ ወደብ ሰሜን። ማክሰኞ እኩለ ሌሊት። አረንጓዴ ናት፣ የነጂው ክፍሏ ነጭ፣ ሞተሯ አሮጌ። ደግሞ ጨመረ፤ «አንድ ሕፃን አለች ብለውኛል። ስሟን አላውቅም።»

የዚያን ጊዜ የአደጋ ጊዜ ቁጥር ዘጠና ሺህ ነበር፤ ዘጠኝና አራት ዜሮ። በስዊድን መደወያ ላይ ዘጠኝ የመጨረሻዋ ቀዳዳ ናት። አዜብ ጣቷን ከታ ጎተተቻት፣ ለቀቀቻት፤ ክቡ እየተንቀረቀረ እስኪመለስ ድረስ ስልኩን መዝጋት የሚያስችል ጊዜ ነበራት። አልዘጋችውም። ዜሮዎቹ አጫጭር ነበሩ።

ወደ ባሕር አደጋ ክፍል አሻገሯት። ሰውዬው የረጋ ነው። የት፣ መቼ፣ ስንት ሰው አላት። ነገረችው።

«አንቺስ ማን ነሽ?»

«እህቱ ነኝ። የአንደኛው። በረከት ብርሃነ ሥላሴ ይባላል፤ በሕይወት ያለ ወንድሜ ነው።» እንባዋ መጣ፤ ግን አፏ አንዴ ተከፍቷልና አልቆመም። «ስመጣ ለመንግሥት ሞቷል ብዬ ነበር። ሰጥሟል ብያለሁ፤ ተጽፏል። ውሸቴን ነው። አልሰጠመም።»

እሱ የባሕር እንጂ የፋይል ሰው አይደለም። «እሺ» አለ። «አረንጓዴው ቀለም ጥቁር አረንጓዴ ነው ወይስ ደማቅ?»

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። የአዜብ የዚህ ቤት ሰዓት አለቀ፤ ቀጣዩ ቤት ሱንድቢበሪ የሚባል ሰፈር ነበር፤ ሩት ራሳቸው ቢሮ ደውለው «ወድቄያለሁ፣ ልጅቷን አልለቅም» ብለው ዋሹላት። ሳይወድቁ ወደቅሁ ማለት ለሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ቀላል ሟርት አይደለም፤ አዜብ በልቧ «ያርቅልን» አለች።

ቀኑ በዘጠኝ ሰዓት መጨለም ጀመረ። ሩት ግድግዳውን እየዳበሱ ከጓዳ ሞላላ የብርጭቆ ሳህን ይዘው መጡ፤ ስዊድኖች በበዓል ቀን ሄሪንግ የሚሉትን ዓሣ የሚያቀርቡበት፣ ጫፉ እንደ ታንኳ የሾለ። የሐሙስ የአተር ሾርባቸውን፣ ግማሽ ፖም፣ የሄል ዳቦ ቁራሽ፣ አንድ ጥሬ ዕንቁላል ደረደሩበትና መስኮቱ ላይ አኖሩት። ዓሣ አልነበረበትም።

«የሚያምንበት ሰው እንደሆንኩ እንዳይመስልሽ» አሉ እንደማፈር ብለው። «እጄ ሥራ ሲፈታ አይሆንልኝም።»

አዜብ ሳህኑን አየችው። ኪዳነ ምሕረት ናት ዛሬ፤ እሷን ከጠዋት ጀምሮ ስትለምን ውላለች፣ ሌላ እመቤት አያስፈልጋትም። ግን አሮጊቷ ምሳቸውን ነው የሰጡት፤ ለማያውቁት የሰው ልጅ ብለው። ይህንን ወደ ኋላ መግፋት ደግሞ ምን ዓይነት ጾም ነው? ከቦርሳዋ ለራሷ የያዘችውን የጾም ዳቦ አወጣች፤ ቆርሳ ከፖሙ ጎን አስቀመጠች። «ይቅር በይኝ እናቴ» አለች በአማርኛ፤ ተቀመጠችም።

ከታች የፊንላንዱ መርከብ መብራቱን ሁሉ አብርቶ ሲወጣ ሁለቱም አዩት። ያን ያህል ትልቅ ነገር እንኳ ከወደቡ ሲላቀቅ ያዘነብል ነበር።

ስልኩ ሲጮኽ አዜብ ከወንበሯ አልተነሳችም። ሩት ናቸው አንስተው፣ አዳምጠው፣ መያዣውን ያቀበሏት።

«ከቪስቢ ከተማ ፖሊስ ነኝ» አለ አንድ ወጣት ድምፅ። «ጀልባዋን ሄሊኮፕተር አገኛት። ሞተሯ ውሃ ገብቶበት ስትንሳፈፍ ነበር። አሥራ ስድስቱም ወጥተዋል። አራቱ ሆስፒታል ናቸው፤ በርዷቸዋል፤ ሕፃኗ ደኅና ናት።»

አዜብ አማተበች።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለ ፖሊሱ። «ያልሽው ሰው እዚህ ነው። ሲነዳ የነበረው፣ ውሃውን ሲያስቀዳ የነበረው እሱ ነው ይላሉ ሌሎቹ። ስላንቺ ብንጠይቀው ግን ስዊድን ውስጥ ዘመድ የለኝም አለ። እህት ነበረችኝ፣ ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗታል ነው የሚለው። ምናልባት ተሳስተሽ ይሆን?»

አዜብ ዓይኗን ጨፈነች። ገባት። ሊያድናት ነው፤ ስሟ ያለ ፈቃድ ከገባ ሰው ጋር እንዳይነሳ። እሷ ያኔ ያደረገችውን ዛሬ እሱ እያደረገው ነው፤ ያውም ባሕር ካስቀረለት ነፍሱ ጋር ቆሞ።

«ስልኩን ስጠው» አለች።

የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የማታውቀው፣ የጎረነነ የወንድ ድምፅ መጣ፤ በአማርኛ፣ ቀጥ ብሎ እንደ ወታደር ሪፖርት።

«እመቤት፣ ተሳስተዋል። እኔ እዚህ አገር የማውቀው ሰው የለኝም። እባክዎን ስልኩን ይዝጉት።»

«ቤኪ፣ ነግሬያቸዋለሁ።»

ስልኩን አልዘጋም።

«ወንድሜ እንደሆንክ ነግሬያቸዋለሁ። ያኔ ሞቷል ማለቴንም፣ ውሸት መሆኑንም ነግሬያለሁ። የምትደብቀው ነገር የለም። የቀረ የለም።»

ትንፋሹ ይሰማታል። ከጀርባው ሕፃን ታለቅሳለች፤ አንድ ሰው በስዊድንኛ ብርድ ልብስ እያለ ይጣራል።

«ሁሉንም?» አለ።

«ሁሉንም።»

አዜብ የስልኩን ገመድ ጣቷ ላይ ጠቅልላ ጨረሰችው። ከዚያ ያ የጎረነነ ድምፅ ቀጠነ፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆነ።

«አዙዬ» አለ፤ «ጫማዬን ባሕሩ ወሰደው። ካልሲ ይዘሽልኝ ነይ።»